የዶን ሮንኪዶ ቀኝ እጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲያበቃ ምን ይወጣዋል? ፈላስፎች በዚህ ጥያቄ ብዙ ቀለም ፈጅተዋል። ጠብ ያለ መልስ ግን አላመጡም፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ራሳቸው ነው። ስለ ሳቱርኒኖ ሬቦዮ የጠየቀ ፈላስፋ የለም። የቶሬሉናን ሰው ስለ ሳቱርኒኖ ብትጠይቁት፣ «ማን፣ ፍራሽ ሰፊው? ጥሩ ሰው ነበር» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ዶን ሮንኪዶ ያላችሁት እንደሆነ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ወይን ያዝላችኋል፤ ሽመላዎቹ ደወል ቤቱ ላይ ወዳለው ጎጇቸው እስኪመለሱ ድረስ አይለቃችሁም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ዶን ሮንኪዶ ማለት ከወይራ እንጨት የተጠረበ ራስ፣ በበግ ፀጉር የታጨቀ ቦርጭና የደረቀ በርበሬ የመሰለ አፍንጫ ያለው የእጅ አሻንጉሊት ነው። ስሙ በቶሬሉና ሰው አፍ ማንኮራፋት ማለት ነው፤ ለፍራሽ ሰፊ አሻንጉሊት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይገኛል? ከወገቡ በታች ምንም የለውም። ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ ሳቱርኒኖ ነበር።

ስፖንጅ የሚባለው ጉድ ከተማችን ከመግባቱ በፊት ሰው የሚተኛው የበግ ፀጉር በታጨቀበት ፍራሽ ላይ ነበር። በጋ ሲመጣ ሳቱርኒኖ በየግቢው እየዞረ ፍራሹን ይፈታል፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ፀጉር ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በረጅም ልምጭ እስኪፍታታ ይገርፈዋል፤ ከዚያ አጭቆ መልሶ ይሰፋዋል። ፍራሽ ደግሞ አይዋሽም። ማን ከማን ጋር ጀርባ ተሰጣጥቶ እንደሚያድር፣ የማን ባል ወለል ላይ እንደሚተኛ፣ የትኛዋ ባልቴት አልጋ በሁለት በኩል እንደጎደጎደ፣ ከአባ ፉልሄንሲዮ የኑዛዜ ጆሮ ይልቅ የሳቱርኒኖ ልምጭ ያውቃል ይባል ነበር። ሳቱርኒኖ ግን ትንፍሽ አይልም። ነሐሴ ገብቶ የቅዱስ ሮኬ በዓል ሲደርስ ከካቴድራሉ ግንብ ሥር ባለው አደባባይ የጨርቅ ድንኳኑን ይተክላል። ከዚያ ዶን ሮንኪዶ ብቅ ይልና ሁሉንም ያወጣዋል።

ራሱ ሳቱርኒኖ ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። መጠጥ ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ሲያዝ አሳላፊው «ምን አልክ?» ሳይለው የቀረበት ቀን የለም። በሠርጉ ዕለት «እሺ» ማለቱ አልተሰማ ብሎ ካህኑ ደጋግመው ቢጠይቁት፣ ሙሽራይቱ ካሲልዳ «ብሏል አባ፣ እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ይቀጥሉ» ብላ ነው የገላገለችው። የዶን ሮንኪዶ ድምፅ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በመሐላቸው ጥብጣብ ተደርጎ በክር ይጠመዳሉ፤ ጥፍር የምታክል ፊሽካ ትሆናለች። አሻንጉሊተኛው ላንቃው ላይ ለጥፏት ሲናገር፣ ጅራቱን የተረገጠ ድመትና የተቆጣ ንጉሥ ባንድ ላይ የተናገሩ ይመስላል። ያን ድምፅ የቶሬሉና ሕፃን «እማዬ» ከማለቱ በፊት ይለየዋል።

የሙያው ሰዎች አንድ አባባል አላቸው። ፊሽካውን ያልዋጠ አሻንጉሊተኛ ገና ተማሪ ነው፤ ውጦ፣ ጠብቆ፣ አጥቦ፣ መልሶ አፉ ያስገባ እሱ ሊቅ ነው ይላሉ። ሳቱርኒኖ ሊቅ ነበር። ዝርዝሩ ይቅር፤ አንባቢ ከምሳ መልስ ሊሆን ይችላል።

ጨዋታው የቤተሰብ ነው። ካሲልዳ ከበሮ ትመታለች፣ መጋረጃ ትገልጣለች። ልጃቸው ኦብዱሊያ ሌሎቹን አሻንጉሊቶች ይዛ በአባቷ ዱላ ትደበደባለች፤ እንደ ሥርዓቱም መለዋወጫዋን ፊሽካ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትቆማለች። የሚደበደበው ብዙ ነው። መጀመሪያ አበዳሪው፣ ቀጥሎ ሐኪሙ፣ ቀጥሎ የዓመቱ ከንቲባ በመልኩ ተሠርቶ ይመታል። ይህን ከንቲባዎቹ እንደ ስድብ አያዩትም፤ ዱላ ያልቀመሰ ከንቲባ በቶሬሉና ከንቲባ አይባልም። እንዲያውም አንዱ በተመረጠበት ዓመት አሻንጉሊቱ ሳይደርስለት ቢቀር ታምሞ ተኝቷል። በመጨረሻ ነጭ ለብሶ ሞት ይመጣል። ዶን ሮንኪዶ «እስቲ አንገቴን እንዴት እንደምሰጥህ አሳየኝ» ይለዋል፤ ሞት ጎንበስ ብሎ ሲያሳየው ያን ዱላ ያሳርፍበታል። ልጆቹ ያብዳሉ፤ አሮጊቶቹም ከልጆቹ ይብሳሉ።

አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ከሳቱርኒኖ አባት የወረደ ሕግ ነው። አሻንጉሊተኛ ፊት የለውም። አደባባዩ ሳይሞላ ድንኳኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ሰው ተበትኖ ሳያልቅ አይወጡም። ልጅ የሆነ ሁሉ ዶን ሮንኪዶን እንጂ ሌላ ሰው አያይም።

አገሩን በጠመንጃ ይገዛ በነበረው ጄኔራል ዘመን ይህ ሕግ ሳቱርኒኖን አንድ ጉድ አሳየው። ያን ዓመት ዶን ሮንኪዶ ባርኔጣ ያጠለቀ የመንግሥት ዘበኛ ደብድቦ ነበር፤ የዘበኞቹ አለቃ ፊት ወንበር ላይ ሆኖ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ ቆየና፣ ሳቁ ሲያልቅ ሥራው ትዝ አለው። ተነሥቶ ዶን ሮንኪዶን በቁጥጥር ሥር አዋለው። ከሳቱርኒኖ እጅ ላይ እንደ ጓንት አውልቆ በብብቱ ሸጉጦ ሄደ።

ሳቱርኒኖ ጠዋት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ዘብ ቤት ደረሰ። «ጌታዬ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

አለቃው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተ? አንተ እኮ ውሻህን ጠርተህ እንኳ የማይሰማህ ሰው ነህ። ሂድ፣ ቤትህ ግባ። እሱን መርምረን ስንጨርስ እንለቀዋለን።»

ዶን ሮንኪዶ በሦስተኛው ቀን ወጣ። አባ ፉልሄንሲዮ ቀኑን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሳቁ፤ ያን ጊዜ ገና ወጣት ቄስ ነበሩ። ሕዝቡ አሻንጉሊቱን በትከሻ ተሸክሞ ከተማውን አዞረው። ሳቱርኒኖ ከኋላ ተከተለ።

ዓመታት አለፉ፤ ጄኔራሉም ሞተ። ያኔ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ታጋይ ፈልጎ ማክበር ያዘ። ቶሬሉና ብትፈልግ፣ ብታስፈልግ፣ በዚያ ዘመን ሁሉ የታሰረላት አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም ከወገቡ በታች የለም። አዲሱ ከንቲባ ዶን ኤባሪስቶ አላቅማሙም። በበዓሉ ዋዜማ ዶን ሮንኪዶ በማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ላይ በከንቲባውና በቄሱ መካከል ቁጭ ብሎ ሜዳይ እንዲሸለም ተወሰነ። ቁጭ ብሎ ስንል ያው ነው። ሳቱርኒኖ ከሰገነቱ መከታ በታች፣ ባንዲራ በተጋረደበት፣ በሁለቱ ታላላቅ ሰዎች ጫማ መካከል እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ተንበርክኳል። አባ ፉልሄንሲዮ ፀበል ሲረጩ የረጠበው የሳቱርኒኖ መላጣ ነው። ከንቲባው ሜዳዩን ሲሰኩ መርፌዋ ጨርቁን አልፋ አውራ ጣቱን ወጋችው። በቶሬሉና ታሪክ ለነፃነት የፈሰሰ ደም ቢኖር ይህ ነው። ዶን ሮንኪዶ ጮኸ፤ ሕዝቡም «ከደስታው ብዛት ነው» ብሎ አብሮት አለቀሰ።

ያን ቀን ሳቱርኒኖ ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ፤ ወይም ተበጀ፤ በዚህ ዕድሜ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ቅናት አትበሉት። ሰው በገዛ ቀኝ እጁ ይቀናል? ምናልባት ይቀናል። ግራ እጅ ታውቃለች። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ደቂቃ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እሱን አይቶ «ለካ አንተ ነህ» እንዲለው ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

በቀጣዩ ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ለካሲልዳ ነገራት። ሽንብራ እየለቀመች ነበር።

«ዘንድሮ እወጣለሁ» አላት።

«ወዴት?»

«ከመጋረጃው ፊት። ሞትን ከመታሁ በኋላ ወጥቼ እናገራለሁ።»

«ምን ልትል?»

«ስሜን።»

ካሲልዳ አንድ ጠጠር አግኝታ ወረወረችና፣ «ስምህ ደጃፋችን ላይ ተጽፎልሃል፤ የቸገረው መጥቶ ያንብብ» አለች። ቢሆንም አይታው አዘነችለት። መውጣትህ ካልቀረ በዚህ ድድህ አትወጣም ብላ ስትጎተጉተው ሰነበተች። እሱም ሄዶ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባ። አዲሶቹ ጥርሶች ነጫጭና ትላልቅ ነበሩ፤ ሲስቅ የሰው ጥርስ ተውሶ የመጣ ያስመስሉታል።

ኦብዱሊያ ግን አልተዋጠላትም። «አባዬ፣ ልጆቹ አንዴ አንተን ካዩ ከዚያ ወዲያ የሚያዩት እጅህን ነው። የአያቴን ሕግ ያስተማርከኝ አንተው አይደለህ?» አለችው።

«አያትሽ ያን ሕግ ያወጣው መልኩ አስቀያሚ ስለነበረ ነው» አላት።

ኦብዱሊያ የአያቷን ፎቶግራፍ አይታለች።

የቅዱስ ሮኬ ቀን ደረሰ። የቅዱሱን ሐውልት ከካቴድራሉ አውጥተው አዞሩት። በሥዕልም በሐውልትም ከቅዱሱ እግር ሥር አንድ ውሻ አለ፤ ልጆቹ ተሳልመው ሲያልፉ የሚስሙት ቅዱሱን ሳይሆን ውሻውን ነው፤ አፍንጫው በመሳም ብዛት አልቋል። ሳቱርኒኖ ይህን በድንኳኑ ቀዳዳ አይቶ፣ ቅዱሱ ምን እንደሚሰማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ከዚያ ጥርሱን አጥብቆ ፊሽካዋን ላንቃው ላይ ለጠፈ፤ ካሲልዳ ከበሮዋን መታች።

አበዳሪው ተመታ። ሐኪሙ ተመታ። ዶን ኤባሪስቶ በመልካቸው ተሠርተው ሲመቱ እውነተኛው ዶን ኤባሪስቶ ከፊት ወንበር ተነሥተው እጅ ነሱ። ሞት መጣ። ዶን ሮንኪዶ «እስቲ አንገቴን እንዴት እንደምሰጥህ...» ብሎ ሲጀምር ያ አዲስ ጥርስ ከድዱ ላይ ሸተት አለ፤ ሳቱርኒኖ እንዳይወድቅበት አፉን ግጥም ሲያደርግ ፊሽካዋ ወደ ጉሮሮው ወረደች። ዋጣት። ለፊቱ ብሎ ያስገባው ጥርስ ድምፁን በላበት።

ጉንጯ ያበጠው ኦብዱሊያ በዓይኗ «ልቀበልህ?» አለችው። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ጊዜዬ አሁን ነው አለ በልቡ። በራሱ ድምፅ ቀጠለ።

«አንገቴን እንዴት እንደምሰጥህ አሳየኝ» አለ።

አደባባዩ ጸጥ አለ። ዶን ሮንኪዶ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ግን ቀዝቃዛ፣ ሰላላ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል የሽማግሌ ድምፅ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፊት ረድፍ ላይ ኮክ የምትገምጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ተነሥታ ቆመች።

«ሞት ድምፁን ሰርቆታል» አለች።

ይህን ጊዜ ሁሉም ገባቸው። አንዱ «ሌባ!» አለ፤ ሌላው «መልስ!» አለ፤ ከኋላ ያሉት ሕፃናት ለቅሶ ጀመሩ። ሳቱርኒኖ ዶን ሮንኪዶን ከእጁ አውልቆ ለኦብዱሊያ አቀበላት፤ ለብዙ ጊዜ የተለማመዳትን ቃል እንደ ዳዊት በልቡ እየደገመ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ካሲልዳ ለዚህ ብላ በስታርች አድርቃ የተኮሰችው። መላጣው ነጭ ነው፤ ቅንድቡ ላይ የበግ ፀጉር ብናኝ ተቀምጧል፤ በፍርሃት ሲስቅ እነዚያ ጥርሶች ሁሉ ወጡ።

«ልጆቼ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ልጅቷ አየችው። ቀስ ብላ አየችው። «ሞት እሱ ነው» አለች፤ የገመጠችውንም ኮክ ደረቱ ላይ አሳረፈችበት።

ቀሪው ውርጅብኝ ነበር። ኮክ ያለው ኮክ፣ በልቶ የጨረሰ ፍሬውን፣ ምንም የሌለው ጫማውን። ሳቱርኒኖ እጁን ዘርግቶ «ሳቱርኒኖ ነኝ፣ ፍራሽ ሰፊው...» ይላል፤ የሚሰማው የለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰማው አልነበረምና። አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ለመያዝ ይጥራል፤ አንዳንዱ ራሱ ይወረውራል። ያኔ ከኋላው፣ ከመጋረጃው በላይ፣ ያ ድምፅ ተሰማ። ጅራቱን የተረገጠ ድመት፣ የተቆጣ ንጉሥ።

«አገኘሁህ ሞት» አለ ዶን ሮንኪዶ፤ ዱላውንም መሐል መላጣው ላይ አወረደው።

ቶሬሉና ከተቆረቆረች እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ከንቲባው ከወንበራቸው ወደቁ። አባ ፉልሄንሲዮ ቀሚሳቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ልጆቹ በያንዳንዱ ዱላ ይዘላሉ፤ ዱላው ደግሞ አላባራም። ሳቱርኒኖ ምን ያድርግ? ሙያ ሙያ ነው። ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ ዓይኑን ገለበጠ፣ እንደታጨደ ሣር ተዘረጋ። በራሱ ፊት ከሕዝብ የተቀበላት ጭብጨባ ይህችው ብቻ ናት፤ እሷንም ሞቶ ነው የተቀበላት።

አደባባዩ ሲበተን ድንኳኑ ውስጥ ሦስቱ ቁጭ አሉ። ኦብዱሊያ ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። «አባዬ፣ ምን ላድርግ? ኮኩ አልቆ ወደ ድንጋይ ሊሄዱ ነበር» አለችው።

ሳቱርኒኖ እብጠቱን ዳሰሰ። «እጅሽ ጥሩ ነው» አላት። «ግን ሞት የሚመታው ከጆሮው በላይ ነው። ድምፁም ያምራል፣ አናቱም አይጎዳ።»

ካሲልዳ በበኩሏ፣ «ፊሽካዋ ወደ ታች ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ወደ ታች ናት።»

«እንግዲህ እንጠብቃለን።»

አዋቂዎቹ ማን እንደሆነ አልጠፋቸውም፤ ጨዋታው ታስቦበት የተሠራ መሰላቸውና ያወድሱት ጀመር። በዓመቱ ሰው ሁሉ ያንኑ ጠየቀ፤ በዓመቱም ያንኑ። ሳቱርኒኖ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይወጣል፤ ኦብዱሊያ በዶን ሮንኪዶ እጅ ትወቅጠዋለች፤ እሷም ከጆሮ በላይ መምታት ተማረች። እንደተመኘው ፊቱ ታወቀ። ስሙ ግን ሞት ሆኖ ቀረ። መጠጥ ቤት ሲገባ «ሞት፣ ምን ትጠጣለህ?» ይሉታል፤ አሮጊቶች በመንገድ ሲያገኙት ያማትባሉ። የታመመ ጎረቤት ሊጠይቅ ብርቱካን ይዞ የሄደ እንደሆነ በር አይከፈትለትም፤ «ገና ጊዜያችን አልደረሰም» ይሉታል ከውስጥ፣ ግማሽ በቀልድ። እሱም ብርቱካኑን ደፍ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል።

ታዲያ ምን ወጣው? አንዳንዴ ሰውን የሚያበላሸው ፊት ማጣቱ ሳይሆን ፊት ለማግኘት የሚያደርገው ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዴም እንዲህ ያለው ፍልስፍና ሁሉ ቅራቅንቦ ነው፤ ሰውየው ደስ ብሎት ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ዱላው ሲያርፍበት ፈገግ ሲል ያዩ አሉ። ጥርሱ ሊሆንም ይችላል።

ዓመታት አልፈው፣ በአንድ የካቲት ብርድ ሳንባው ታመመ። በቶሬሉና የመጨረሻውን የበግ ፀጉር ፍራሽ ለራሱ ሰፍቶ አስቀርቶ ነበርና በእሱ ላይ ተኛ፣ በእሱም ላይ ሞተ።

ቀብሩ ቶሬሉና ያየችው ትልቁ ቀብር ነው። ከንቲባው ሱቆች እንዲዘጉ አደረጉ፤ ሰዉ ከየመንደሩ ጎረፈ። ዶን ሮንኪዶ ሜዳዩን አጥልቆ በኦብዱሊያ እጅ ከሬሳ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። አባ ፉልሄንሲዮ ጸሎቱ መሐል ሲደርሱ አሻንጉሊቱ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን በዱላው አንኳኳ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ደግሞ አንኳኳ። ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ዘንድሮስ ዝም ብሏል» አለ፤ በዚያ ድምፅ። ቄሱ የሚያነቡበት ጠፋቸው። ያቺ ኮክ የወረወረች ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሆና፣ ዶን ሮንኪዶን አቅፋ አለቀሰች። ከንቲባው እንባቸውን እየጠረጉ «ያሳዝናል፣ ምስኪን፤ ከእንግዲህ ማን አለው?» ያሉት አሻንጉሊቱን እያዩ ነው። ሲመለሱ ሁሉም በአንድ ቃል፣ ደስ የሚል ቀብር ነበር አሉ።

ከመሞቱ ቀደም ብሎ ሳቱርኒኖ ሚስቱን፣ ልጁንና ቄሱን ለየብቻ ወደ አልጋው ጠርቶ አንድ ነገር ለምኗቸው ነበር። ካሲልዳ እሺ አለችው። ኦብዱሊያ እጁን ይዛ አለቀሰች። አባ ፉልሄንሲዮ «ምን አልክ?» ብለውት ጆሯቸውን አስጠግተው ነበርና ደገመላቸው።

«እሱን እንዳታመጡት» ነው ያለው። «ለቀብሬ ቀን ብቻ፣ እሱ ቤት ይዋል።»